«ቦቱ ሁለት ሠራተኛ ይተካል» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎቻችሁ ዞረው ዞረው አንድ ናቸው፦ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚባል ነገር ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው አለ፣ ልግዛ ወይስ ልተው? ብሔራዊ አካባቢ ማኪያቶ አዝዤ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

*ለደንበኞቻችን የእንቁጣጣሽ መልእክት በኤአይ ባስጽፍ ነውር አለው? (ከካዛንቺስ)*

የለውም። ከመላክሽ በፊት ግን አንብቢው። አምና አንድ ድርጅት «በዚህ በረዷማ ወቅት» ብሎ መልካም አዲስ ዓመት ተመኝቶልኛል።

*ሱማሌ ተራ መለዋወጫ የሚነግዱ አባት ናቸው። ሻጭ መጥቶ «ቴሌግራም ላይ ለደንበኛ የሚመልስ ቦት አለኝ፣ ሁለት ሠራተኛ ይተካል» ብሏቸዋል። ክፍያው በየወሩ፣ በዶላር ተመን ነው።*

ጋሼ፣ ሱቅዎ ያለው ሠራተኛ አንድ ነው ብለዋል፤ እሱም የእህትዎ ልጅ። ሁለተኛውን ከየት አምጥቶ ነው የሚተካው?

ወደ ቁም ነገሩ። እንደ እርስዎ ያለ ሱቅ ውስጥ አንድ ረፋድ ቁጭ ብዬ የሚገባውን መልእክት አይቻለሁ። አንዱ የተሰበረ ዕቃ ፎቶ ይልካል፤ ከሥሩ «አለ?» ብቻ። ሌላው ድምፅ ይልካል፤ ከኋላው የጋራዥ መዶሻ ይጮኻል። ሦስተኛው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንደመጣለት ይጽፋል። ሱቅ ጠባቂው ልጅ ፎቶውን አጉልቶ አየና «ይሄ የድሮው ሞዴል ነው፤ ሊብሬህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አለ። ሻጩ ባሳየዎት ዴሞ ላይ ግን ደንበኛው በንጹሕ አማርኛ ጠይቆ፣ አራት ነጥብ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሱማሌ ተራ አይቼ አላውቅም።

ትልልቆቹም እዚሁ ላይ ተደናቅፈዋል። ክላርና የተባለው የስዊድን የክፍያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤአዩ የ700 ሠራተኛ ሥራ እንደሚሠራ አስነግሮ ነበር። በ2025 ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጥራቱ መውረዱን አምኖ፣ ለደንበኞች አገልግሎት እንደገና ሰው መቅጠር ጀመሩ። ቦቱን አልጣሉትም፤ ብቻውን ግን አልበቃም።

እኔ የምልዎት ይህን ነው። የእህትዎ ልጅ ለሁለት ሳምንት በደብተር ይመዝግብ፦ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ በሌሊት መጣ፣ ስንቱ መልስ ሳያገኝ ቀረ፣ ስንቱ ገዛ። ከዚያ ሻጩን ይጥሩትና ከራስዎ ስልክ ሃምሳ መልእክት አውጥተው «እነዚህን አሁን፣ እዚሁ ይመልስልኝ» ይበሉት። ከመለሰ ይግዙ፤ እኔ ጠላቱ አይደለሁም። «ሲስተሙ ገና እየተማረ ነው» ካለዎት፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ይጠይቁት። በዶላር ተመን ስለመክፈል ደግሞ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ምን እንደሆነ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው አልነግርም።

*የሠራተኞችን ደመወዝ ዝርዝር ነፃው ኤአይ ላይ ጭኜ ላስደምር? (የሒሳብ ሠራተኛ)*

ተው! የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የድርጅትህን የሕግ ክፍል ጠይቅ። ለመደመር ከሆነ ኤክሴል ምን አደረገህ?

*ሜክሲኮ አካባቢ የጉዞ ወኪል ናት። ቦቱ ለደንበኛ የተሳሳተ ነገር ቢናገር ተጠያቂው ማን ነው? ሻጮቹ «እኛ የለንበትም» ብለዋታል።*

ካናዳ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ቀርቦ ነበር። አያቱ የሞቱበት መንገደኛ የኤር ካናዳን ቦት ስለ ሐዘን ቅናሽ ይጠይቃል። ቦቱም «ትኬቱን ግዛ፣ በ90 ቀን ውስጥ ቅናሹን ታመለክታለህ» ይለዋል። ገዛ፣ አመለከተ፣ ተከለከለ። አየር መንገዱ ቦቱ ለንግግሩ ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ እስከመከራከር ደረሰ። ዳኛው አልተቀበሉትም፤ የካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወለድና ወጪውን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ አስከፈሉት።

ያ ግን የካናዳ ውሳኔ ነው፤ እዚህ አያስገድድም። ስለዚህ በዚህኛው አልቀልድም፦ ውሉን ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ። «የማውቀው ልጅ አለ» አይበቃም፣ ፈቃድ ያለው ጠበቃ። ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ጠበቃ አጣሁ ብትዪኝ አላምንሽም።

*ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። አለቃዋ በየወሩ «ኤአይ ስንት ሰዓት አተረፈልሽ?» የሚል ቅጽ ያስሞላታል። እሷ ሁልጊዜ «አሥር» ትላለች፣ በግምት።*

አሥርሽን አለቃሽ ለበላዮቹ ሪፖርት እንዳደረጋት አትጠራጠሪ። ግምት ግን ጉድ ይሠራል። ሜትር (METR) የተባለ የኤአይ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025፣ 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን ፈትኖ ነበር። ኤአይ ሥራችንን በ20 በመቶ አፋጠነልን አሉ። ሰዓቱ ሲታይ በ19 በመቶ ዘግይተዋል። ያ የፕሮግራመር ሥራ ነው፤ ያንቺ የቢሮ ደብዳቤ መጻፍ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዱን ደብዳቤ በኤአይ፣ አንዱን በራስሽ ጽፈሽ በስልክሽ ሰዓት ያዢ፤ ስታርሚው የሚያልፈውንም ቁጠሪ። እስከዚያው ቅጹ ላይ «አልለካሁም» የሚል ሳጥን ከሌለ በእስክሪብቶ ጨምሪበት።