ክሬም ወይስ ጥቁር አረንጓዴ? ቀቢውን ጠይቁ

በሉ ጠይቁ። ማርቆስ ነኝ፣ ሥራዬ ቤት መቀባት ነው። ልስኑ ሳይደርቅ ስለ ቀለም ለሚጠይቀኝ ግን አልመልስም።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ ለሳሎን ክሬምና ጥቁር አረንጓዴ አማርጬ መወሰን አቃተኝ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ መስኮትሽ ወዴት ነው?

ከእንጅባራ፦ አንድ ብቻ ነው፣ ወደ ሰሜን።

መልስ፦ እንዲህ ንገሪኝ እንጂ! በእኛ አገር ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ግን አብዛኛው ክረምት ነው፤ እንጅባራ ደግሞ ደመና ነው። በጋ ሲጠራ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ሄዳለች። ስለዚህ ሳሎንሽ ዓመቱን ሙሉ ብርሃን ያጥረዋል። አራቱንም ግድግዳ አረንጓዴ ካደረግሽው በ9 ሰዓት አምፖል ታበሪያለሽ። ሦስቱን ክሬም፣ ከጎን ያለውን አንዱን አረንጓዴ አድርጊ። መስኮቱ ያለበትን ግን አረንጓዴ እንዳታደርጊው፤ ብርሃኑ ዓይንሽ ላይ ስለሚመጣ አረንጓዴው ጥቁር ሆኖ ይታይሻል። ደግሞ በሱቅ ካርድ አትምረጪ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ገዝተሽ ግድግዳው ላይ ክንድ በክንድ ሁለት ጊዜ ደራርበሽ ቀቢ። ሲደርቅ ጠዋትም ማታም እዪው። ቢጫ አምፖል ካለሽ ክሬሙ ቢጫ ይሆንብሻል።

ከቡሬ፦ የቱ ብራንድ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ማስታወቂያ አልሠራም።

ከባሕር ዳር፦ ለእኛ ሙቀት ውስጡን ነጭ መቀባት አያቀዘቅዝም?

መልስ፦ አያቀዘቅዝም። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ነው፤ ኮርኒስ አሠራ።

ሌላው ከባሕር ዳር፦ ማርቆስ ብርድ ላይ ተቀምጦ ስለ ሙቀት ያስተምረን እንዴ?

ከፍኖተ ሰላም፦ እውነቱን እኮ ነው። እኛም ቤት ኮርኒስ ከገባ ወዲህ ቀለል ብሎናል።

ሌላው ከባሕር ዳር፦ የእናንተም ሙቀት ተብሎ!

መልስ፦ ክርክሩን ቡና ላይ ጨርሱት። ቀጣይ።

ከደጀን፦ ልስኑ 10 ቀን ሆነው። አረንጓዴውን ልጀምር?

መልስ፦ ምን አልሁ መጀመሪያ? የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፣ በክረምት ከዚያም በላይ። እርጥቡ ላይ ከቀባህ ነጭ ጨው እየገፋ ይወጣል። ክሬም ላይ ብዙም አይታወቅ፤ አረንጓዴ ላይ ግን ከበር ይታያል። ያኔ ቀቢውን እንዳትሰድበው።

ከሞጣ፦ የጭቃ ቤት ላይ ፕላስቲክ ቀለም ይሆናል?

መልስ፦ ኖራ ቀባ። ፕላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይላጣል። ለኖራውም ቢሆን ጭቃው ይድረቅ!

ከዳንግላ፦ ለመኝታ ቤት ክሬም ነው አረንጓዴ የሚያምረው?

መልስ፦ ወይ ጉድ! ከላይ አላነበብህም? መስኮትህ ወዴት ነው?

ከዳንግላ፦ መስኮት የለውም ጋሼ።

መልስ፦ እንግዲያው የቀለሙን ብር ለአናጢ ስጠው።