የጎረቤት አቤቱታና የኮሚቴ ሹመት ሲገናኙ

ወንድሜ፣ የጎረቤትህ የጣሪያ ውሃ ግቢህ ስለሚገባ ለመንደሩ ምክር ቤት እንዴት እንደምታመለክት ጠይቀሃል። የጎረቤትህ ወንድም ለምክር ቤቱ ኮሚቴ መታጨቱም አሳስቦሃል።

መጀመሪያ አቤቱታህን በጽሑፍ አድርገው። በቃል የተነገረ ነገር ስብሰባው ሲያልቅ አብሮ ይበተናል። «ሁሌ ያስቸግረኛል» አትበል። ውሃው ከየት ወርዶ የት እንደሚገባ፣ በየትኛው ቀን ምን እንዳበላሸ ጻፍ። ዝናቡ እየወረደ ያነሳኸው አንድ ፎቶ ከሦስት ገጽ ምሬት ይበልጣል። ቅጂ አስቀር። የተቀበለህ ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምበት። እኔ አንድ ጊዜ ሳላስፈርም ሰጥቼ «አልደረሰንም» ተብያለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ምክር ቤት ፍርድ ቤት አይደለም። ሊያስማማችሁ፣ ቦታው ድረስ መጥቶ ሊያይ፣ ደንብ ከተጣሰ ሊያስጠነቅቅ ይችላል። የካሳ ወይም የድንበር ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው።

ስለ ሹመቱ፣ ዝምድና ብቻውን ሰውየውን ላያስቀረው ይችላል። ያንተ ጉዳይ ሲነሳ ግን ከውይይቱም ከድምፅ አሰጣጡም መውጣት አለበት። ሹመቱ ከመጽደቁ በፊት ይህን በስብሰባው ላይ በጨዋ ደንብ ጠይቅ። መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩንም አረጋግጥ።