የእህትሽን ሰርግ በትልቁ ስክሪን ለማየት የትኛው ዴክ ያዋጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴው ጥያቄ መሰለኝ። አምና እኔም ለዚሁ ጉዳይ ብዙ ምሽት አምሽቻለሁ። ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉ ጥያቄዋን ባጭሩ ላስቀምጠው። እህታችን ሜሪላንድ ትኖራለች። በቅርቡ ባለ 65 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን ገዝታለች። አዲስ አበባ የተቀረጸ የታላቅ እህቷ ሰርግና መልስ፣ የወንድሟ ምርቃት፣ እንዲሁም ወደ 40 የሚጠጉ የአማርኛ ፊልሞች በዲቪዲና በቪሲዲ አሏት። «ምስሉን ወደ 1080 ያሳድጋል» ተብሎ የተጻፈበትን የ35 ዶላር ዲቪዲ ማጫወቻ ልግዛ፣ የ90 ዶላሩን ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ ማጫወቻ)፣ ወይስ የ250 ዶላሩን 4ኬ ብሉሬይ? በጥራትስ ይህን ያህል ይለያያሉ ወይ? ነው ያለችው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። «ያሳድጋል» ለሚለው ጽሑፍ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። ያንን ሥራ ቴሌቪዥንሽ ራሱ ይሠራዋል። ባይሠራው ኖሮ የዲቪዲው ምስል ስክሪኑ መሃል ላይ ትንሽ ሳጥን ሆኖ ነበር የሚታይሽ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ የተቀረጸ ዲቪዲ በአግድም 720፣ በቁም 576 ነጥብ አለው። ሲባዛ 414,720 ይሆናል። 1080 የሚባለው ስክሪን 2,073,600 ነጥብ አለው። ያንቺ 4ኬ ደግሞ 8,294,400። ስለዚህ ያንቺ ስክሪን ላይ ከየ20ው ነጥብ ዲስኩ የሚሰጥሽ አንዱን ብቻ ነው። 19ኙን ማሽኑ ነው ጎረቤቶቻቸውን እያየ በግምት የሚሞላው። ግምቱን ዴኩ ሠራው ቴሌቪዥኑ ሠራው፣ ካሜራው ያልያዘው የዐይን ሽፋሽፍት ከየትም አይመጣም። ቪሲዲ ደግሞ 352 በ288 ነው፤ የዲቪዲውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ቪሲዲውን ስታዪ ከስክሪኑ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ከዚያ በላይ የሚረዳ ዴክ እስካሁን አላየሁም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ከሁሉ በፊት፣ ዴኩ ዲስክሽን ጨርሶ ያጫውተዋል ወይ? ኢትዮጵያ ውስጥ የሚቀረጸው በፓል ነው፤ 576 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 480 መስመር፣ በሰከንድ ወደ 30 ምስል። አሜሪካ ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ብሉሬይ ማጫወቻዎች፣ ውድ የሚባሉት 4ኬዎች ጭምር፣ የፓል ዲቪዲ አይቀበሉም።

ይሄን ያወቅሁት ገዝቼ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። የታላቅ ወንድሜን ሰርግ ላሳያት ብዬ የ100 ዶላር ብሉሬይ ገዛሁ። ቡናው ተፈላ፣ ፈንዲሻው ቀረበ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ። ዲስኩ ገባ፣ ትንሽ ዞረ፣ ከዚያ ዲስኩን ማጫወት እንደማይቻል የሚገልጽ አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣ። ካርቶኑን ገልብጬ ባነበው ፓል የሚል ቃል የለበትም። እናቴ «ግድ የለም ልጄ፣ በልቤ አለ» አለችኝ። በማግስቱ ዴኩን መለስኩት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው «ሪጅን ፍሪ» የተባለ ሁሉንም ዲስክ ያጫውታል ብሎ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ሪጅን የፊልም ኩባንያዎች ያሰመሩት የገበያ ድንበር ነው፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ውስጥ ናት። ፎቶ ቤት የተቀዳ የሰርግ ዲስክ ይሄ ድንበር የለበትም። ፓልና ኤንቲኤስሲ ግን የምስሉ የራሱ አሠራር ነው። ስለዚህ ሻጩን «ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ ይቀይራል ወይ?» ብለሽ ነው የምትጠይቂው። አንድ ምልክት ልስጥሽ። ርካሾቹ ዴኮች ብዙ ጊዜ ሪሞታቸው ላይ ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ የሚቀይር ቁልፍ አላቸው። ቁልፉን ካየሽ ዲስክሽን ያጫውታል ማለት ይቻላል። አውሮፓ፣ እስራኤልና ዓረብ አገር ያላችሁ ይሄ አያስጨንቃችሁ፤ እዚያ የሚሸጡት ፓል ያጫውታሉ።

አሁን ወደ ምስሉ ጥራት ልምጣ፤ እውነተኛው ልዩነት እዚህ ነውና።

የድሮ የሰርግ ካሜራ አንዱን ምስል በአንዴ አይቀርጽም ነበር። መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ያሉትን መስመሮች ይይዛል። ከሃምሳኛ ሰከንድ በኋላ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ ያሉትን ይይዛል። የድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ምስሉን በዚያው ተራ ስለሚስል ችግር አልነበረም። የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ግን ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ ያሳያል። ስለዚህ ሁለቱን ግማሾች የሚያገጣጥም ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ሰውየው ከተንቀሳቀሰ፣ የክንዱ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይሄን የሚያስተካክለው ክፍል ጎበዝ ከሆነ ምስሉ ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ሰነፍ ከሆነ ግማሹን መስመር ይጥልና የቀረውን ይለጥጠዋል። ያኔ 576 መስመር ያልነው 288 ሆነ ማለት ነው።

ለዚህ ከሐበሻ ሰርግ የተሻለ መፈተኛ የለም። ወንድሜ ሰርግ ላይ አያቴ ተነስታ እስክስታ የመታችበት አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቦታ አለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥለቱ ደረቷ ላይ በሰያፍ ወርዶ ይታያል። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን የወርቅ ክር አለው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያ ክር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ይህችን ቦታ እያመላለስኩ ሦስት ነገር ላይ አየሁ።

በመጀመሪያ 40 ዶላር ገደማ በሚሸጥ አዲስ ዲቪዲ ማጫወቻ። ፓሉን ያለምንም ችግር አጫወተው፣ እሰየው። ቀለሙም ደህና ነው። ነገር ግን እስክስታው ሲጀመር የወርቁ ክር ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሰባበረ። አያቴ ስትቆም ክሩ ተመልሶ ይገጥማል፣ ስትንቀሳቀስ ይሰበራል። ካሜራው አዳራሹን ሲቃኝም ምስሉ ትንሽ ትንሽ ይዘላል፤ ዴኩ በሰከንድ 50 የሆነውን ግማሽ ምስል ወደ 60 ሲቀይር የሚፈጠር ነው።

ቀጥሎ ኦፖ ዲቪ-983ኤች የሚባል ያገለገለ የዲቪዲ ማጫወቻ አገኘሁ። ኦፖ ዲጂታል የተባለው ኩባንያ ማጫወቻ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አቁሟል፤ ስለዚህ አዲስ አታገኚም። ይሄ ሞዴል በዘመኑ 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ እኔ በ70 ገዛሁት። ምስሉን የሚያገጣጥመው ቺፕ በዚያ ዘመን ከምርጦቹ አንዱ ነው። ያው ቦታ ላይ ክሩ ሳይሰበር ከትከሻዋ ጋር ሄደ። ፊቷ ላይ ግን ከርካሹ ዴክ የበለጠ ዝርዝር አላየሁም። ልዩነቱ እንቅስቃሴ ላይ ብቻ ነው። ዕቃው አርጅቷል፤ የዲስክ ማንበቢያው ቢበላሽ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህ ስል ርቀሽ ሄደሽ ፈልጊው አልልሽም። ሰፈርሽ በርካሽ ከተገኘ ግን እንዳያመልጥሽ።

ሦስተኛው ላፕቶፕ ነው። 25 ዶላር የሚሸጥ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ገዛሁ። ቪኤልሲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ለቪኤልሲ ፓል ሆነ ኤንቲኤስሲ ልዩነት የለውም። ቪዲዮ የሚለው ሜኑ ውስጥ ገብተሽ ዲኢንተርሌስን (ሁለቱን ግማሾች የሚያገጣጥመውን) ታበሪያለሽ፤ ከዓይነቶቹ መካከል «ያዲፍ 2ኤክስ» የሚለውን ትመርጫለሽ። ከዚያ በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ነው። እውነቱን ልናገር፣ የአያቴ ጥለት ላይ ከኦፖው ለይቼ ማየት አልቻልኩም። ባለቤቴንም ሳልነግራት ሁለቱን አሳየኋት፤ «አንድ ናቸው» አለችኝ።

ጥራት የሚለኩ ሰዎች በአብዛኛው በሆሊውድ ዲስክ ነው የሚሞክሩት። ፊልም ላይ ሁለቱ ግማሾች ከአንድ ቅጽበት የተወሰዱ ስለሆኑ ማገጣጠሙ ቀላል ነው። እኔም በፊልም ዲስክ ስሞክር በርካሹና በኦፖው መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ የአማርኛ ፊልም ካለሽ ግን ጠባዩ እንደ ሰርጉ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ሳታወጪ የሚስተካከሉ ነገሮችም አሉ። ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ ተዪው። ቢጫዋ ገመድ ቀለሙንና ብርሃኑን አንድ ላይ አደባልቃ ነው የምታመጣው፤ ጥለትና ጥልፍ ላይ ነጠብጣብ ሲርመሰመስ የምታዪው ከዚያ ነው። ኤችዲኤምአይ ተጠቀሚ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሻርፕነስ የሚለውን ወደ ታች አውርጂው። ከፍ ሲል ጥራት የጨመረ ይመስላል እንጂ የሚጨምረው በሰው ዙሪያ ነጭ መስመር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምስሉን ቅርጽ አስተካክዪ። የድሮ ሰርግ 4 በ3 ነው፤ ስክሪንሽ 16 በ9። ዝም ብለሽ ስትሞዪው ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይወፍራል። ሙሽራዋ እህትሽ ሳትሆን ሌላ ሰው ትመስላለች። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር፤ ትክክለኛው እሱ ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥን ዴኩ 1080 ሲልክለት ቅርጹን አያስቀይርም። ያኔ የዴኩን መላኪያ ወደ 480 ወይም 576 ዝቅ አድርጊውና እንደገና ሞክሪ። ማሳደጉን ቴሌቪዥኑ ይሠራዋል ያልኩሽ ለዚህም ይጠቅምሻል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቪዲዮ እናጠራለን የሚሉ ፕሮግራሞችም አሉ፤ አንዱን ሞክሬዋለሁ። ልብሱን፣ ግድግዳውን፣ አበባውን አሳመረው። የአያቴን ፊት ግን ለወጠው። ጉንጯ ላይ ያለው መስመር ጠፋ፣ ዐይኗ የሌላ ሴት ዐይን ሆነ። አያቴ አሁን በሕይወት የለችም። ያንን ፋይል አጠፋሁት። ከሞከርሽ ዋናውን ቅጂ አትንኪ።

ዲስኮቹ ራሳቸው ጊዜ እንደሌላቸውም እወቂ። ፎቶ ቤት የሚቀዳው ዲቪዲ እንደ ሱቁ ፊልም በፋብሪካ የታተመ አይደለም። ቀለም መሰል ንጣፍ ላይ በጨረር የተጻፈ ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ዲስክ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚነበበው። የመጨረሻው ክፍል ጣት የሚነካው፣ የሚፋቀው ዳር ላይ ይወድቃል። የወንድሜ ሰርግ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሽማግሌዎች የመረቁበት ቦታ መጨረሻ ላይ ነበር። አሁን ምስሉ ቆሞ ይቀራል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ምርቃቱ ተጀምሮ ሳያልቅ ይጠፋል። ቀድሜ ገልብጬው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ ለአንቺ የምለው ይሄን ነው። ላፕቶፕ ካለሽ በ25 ዶላሩ ማንበቢያ ጀምሪ። እያንዳንዱን ዲቪዲ ክፈቺና «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ገልብጪው። አንድ ተራ ዲቪዲ ቢበዛ 4.7 ጊጋባይት ነው፤ 50 ዲስክ ቢሆን 235 ጊጋባይት። 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ሁሉንም ይይዝልሻል፤ አንድ ቅጂ ለእህትሽም ላኪላት። ልጆችና እናት ያለ ኮምፒውተር እንዲያዩ ከፈለግሽ ደግሞ የፓል መቀየሪያ ያለውን የ35 ዶላሩን ዴክ ጨምሪበት። 60 ዶላር ሆነ። የ90 ዶላሩ ብሉሬይ የሚያዋጣሽ ከሰፈርሽ ቤተ መጻሕፍት የብሉሬይ ፊልም እየተዋስሽ የምታዪ ከሆነ ነው፤ እሱንም ፓል ማጫወቱን ካረጋገጥሽ በኋላ። የ250 ዶላሩን ተዪው። እሱ የተሠራው ለ4ኬ ዲስክ ነው፤ ከዘረዘርሽልን ውስጥ አንድም 4ኬ ዲስክ የለም።

ቪሲዲ የማያነቡ አዳዲስ ዴኮች ስላሉ ከመግዛትሽ በፊት የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን፤ አብረን እናየዋለን። የሰርጉን ዲስክ ስታጸጂ ደግሞ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ጥረጊ፣ እያዞርሽ አይደለም።