ቨርባሉ ላይ ወርቅ አትፈልጊ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? እኔ ባህር ዳር ባንክ ቤት ነው የምሰራው፣ ውጪ ሄጄ ኤምቢኤ (የቢዝነስ ማስተርስ) ለመማር አስቤ ጂማት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና እያጠናሁ አራት ወር ሆነኝ። ኳንቱ፣ የሂሳቡ ክፍል ማለቴ ነው፣ ብዙም አያስቸግረኝም፣ የሙከራ ፈተና ላይ ከ90 82 አምጥቻለሁ፣ ቨርባሉ፣ የእንግሊዝኛ ንባቡ ክፍል ግን 73 ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛሁትን ወፍራም መጽሐፍ ሁለቴ ጨርሻለሁ፣ አንድ አስጠኚም ከፍዬው ሁለት ወር ሙሉ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አስተምሮኛል፣ በዛ ላይ በቀን 30 ቃል እሸመድዳለሁ። እንግሊዝኛ ስራ ላይም ስለምጠቀምበት አይከብደኝም። ግን ሁሌ ሁለት ምርጫ ይቀረኝና የተሳሳተውን ነው የማነሳው። ምን ሆኜ ነው?
(ከቤዛዊት መንገድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥያቄሽን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው፣ ምክንያቱም ጥረትሽ ሳያንስ ያጠናሽው ነገር ነው የጎዳሽ። ሁለት ወር የከፈልሽበት ሰዋስው እኮ ፈተናው ላይ የለም። ድሮ ሰንተንስ ኮሬክሽን የሚባል የአረፍተ ነገር ስህተት የሚታረምበት ክፍል ነበረ፣ በፈረንጆቹ ህዳር 2023 አዲሱ ጂማት ሲመጣ ወጣ፣ አሮጌው ፈተና ደግሞ ጥር 2024 ላይ ጨርሶ ቆመ። አሁን ቨርባል ማለት ሪዲንግ ኮምፕርሄንሽን (ምንባብ አንብቦ መመለስ) እና ክሪቲካል ሪዝኒንግ (አጭር ክርክር መመርመር) ብቻ ነው፣ 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ። ይሄን ሳይነግር ከሰው ልጅ ገንዘብ የሚቀበል አስጠኚ በጣም ያሳዝነኛል፣ ባያውቅ እንኳን ማወቅ ነበረበት። መጽሐፉን ግን አትጣይው፣ የምንባቡና የክሪቲካል ሪዝኒንጉ ጥያቄ አሁንም ይጠቅምሻል፣ የሰዋስው ገጾቹን ብቻ ዝለያቸው።

ደግሞ ቨርባሉን እንደ ማሟያ እንዳታዪው። ኳንት፣ ቨርባልና ዳታ ኢንሳይትስ (ሠንጠረዥና ግራፍ የሚነበብበት ክፍል) እያንዳንዳቸው ከ60 እስከ 90 ይሰጣቸዋል፣ ከ205 እስከ 805 ያለው ጠቅላላ ውጤት ውስጥም ሶስቱም እኩል ነው የሚመዝኑት። ኳንቱን ከ82 ወደ 84 ለመግፋት የምትለፊውን ቨርባሉ ላይ ብታውዪው የበለጠ ታገኚበታለሽ።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ፣ ሁለት ይቀረኝና የተሳሳተውን አነሳለሁ ያልሽው። ይሄ የእንግሊዝኛ ችግር አይመስለኝም፣ የአስተዳደጋችን ነው የሚመስለኝ። እኛ እኮ ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፣ ጎንጅና ዋሸራ ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ተወልደን ቅኔ ቤት ያልገባነው እንኳን ሰው አንድ ነገር ሲናገር ምን ለማለት ፈልጎ ነው ብለን ከስር መቆፈር ለምዶብናል፣ ላይ ላዩን የሰማ ሰው እንደ ሞኝ ነው የሚታየው። ጂማት ቨርባል ደግሞ ተቃራኒው ነው። የተጻፈውን ብቻ፣ ሰሙን ብቻ ነው የሚጠይቅሽ። ወርቁን ለማግኘት የሄደ ሰው እንዲሳሳት ተብሎ የተሰራ ምርጫ ሁሌም አለ፣ እና በጣም ጥሩ ነገር ነው የሚመስለው፣ ብልህ ሰው የሚመርጠው ነው የሚመስለው።

እስቲ በምሳሌ ላሳይሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ልጆች ይዤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን እንሰራለን፣ አንደኛው አባቱ ዘጌ በኩል በታንኳ ዓሣ ያጠምዳሉ። አንድ ቀን እኔው ራሴ እንዲህ የሚል ጥያቄ ጻፍኩላቸው። «ዘንድሮ ወደ ከተማው ገበያ የመጣው ቀረሶ ካለፈው ዓመት በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ጣና ውስጥ ያለው የቀረሶ ብዛት ቀንሷል።» ጥያቄው፣ ይሄ ክርክር ሳይናገረው የተደገፈበት ሀሳብ ማለትም አሳምፕሽኑ የቱ ነው የሚል ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ «እምቦጭ የዓሣውን መራቢያ ይጎዳል» ይላል፣ ሌላው «የአጥማጆቹ ቁጥርና የሚያጠምዱበት ጊዜ ካለፈው ዓመት በብዙ አልቀነሰም» ይላል። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ወዲያው እምቦጩን መረጠ። ለምን አልኩት። «ጋሼ እውነት ነዋ፣ አባቴ በየቀኑ የሚያማርሩት እኮ እሱን ነው» አለኝ።

እውነት ይሁን። ግን ክርክሩ ዓሣው ለምን ቀነሰ አላለም፣ ቀንሷል ብቻ ነው ያለው። ገበያ ላይ አነሰ ከሚል ተነስቶ ሐይቁ ውስጥ አነሰ ወደሚል ዘለለ፣ መሀሉ ላይ ክፍተት አለ፣ አሳምፕሽኑ ያንን ክፍተት የሚሞላው ነው። እንዴት ታረጋግጫለሽ ካልሽኝ ምርጫውን ገልብጪው። «እምቦጭ መራቢያውን አይጎዳም» ብትይ ክርክሩ ምንም አይሆንም፣ ዓሣው በሌላ ምክንያት ሊቀንስ ይችላላ። «የአጥማጆቹ ቁጥር በጣም ቀንሷል» ስትይ ግን ድምዳሜው ይፈርሳል፣ ገበያ ላይ ያነሰው አጥማጅ ስለጠፋ ነው ማለት ይቻላል። ሲገለበጥ ክርክሩን የሚያፈርሰው እሱ ነው መልሱ። ይሄን ልጁ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት፣ ከዛ በኋላ ያመጣውን ጥያቄ ሁሉ እየገለበጠ ነው የሚሰራው።

ልብ በይ፣ ልጁ የተሳሳተው ስለሚያውቅ ነው። አንቺም ባንክ ስለምትሰሪ ስለ ወለድ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ትርፍ ምንባብ ሲመጣ ነው በጣም መጠንቀቅ ያለብሽ፣ የምታውቂው ነገር እየመጣ በጸሐፊው አፍ ይናገራል። የተጠየቀው ምን እንደሆነም ለዪ። አሳምፕሽን ሲሆን ክፍተቱን ነው የምትፈልጊው፣ አጠናክሪ ወይ አዳክሚ የሚል ሲሆን ምርጫዎቹን ሁሉ እንደ እውነት ተቀብለሽ ድምዳሜውን ወዴት እንደሚገፉት ታያለሽ፣ ኢንፈረንስ (ከተጻፈው ምን ይከተላል የሚል) ሲሆን ደግሞ ከተጻፈው የግድ የሚከተለውን ብቻ፣ «ሊሆን ይችላል» የሚባለውን ሁሉ ጣዪው። ኢንፈረንስ ላይ ትክክለኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ይሄማ ግልጽ ነው፣ ምኑ ይጠየቃል» የሚያስብል ቀላል ነገር ነው፣ እኛ ደግሞ ቀላሉን እንንቀዋለን።

ምንባቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁበት። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ጆሯችን አራት ነጥቡ ጋ እስኪደርስ ሁሉን ተሸክሞ መጠበቅ ለምዷል። የእንግሊዝኛው ግስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ብዙም ሳይርቅ ይመጣና ከኋላው ረጅም ጭራ ይጎተታል፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተጠና፣ ምናምን። እኛ መጨረሻው ላይ ዋናው ነገር ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ዋናው አልፎናል፣ ስለዚ አረፍተ ነገሩን እንደገና ከላይ እንጀምራለን፣ ሁለቴ ሶስቴ። ደቂቃሽን የሚበላው ይሄ ነው። ባለቤቱንና ግሱን ያዢ፣ ጭራውን ጥያቄ ሲመጣ ተመልሰሽ ታዪዋለሽ፣ ምንባቡ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ከጥያቄው ጎን አብሮሽ ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሱ ማንበብም ይቅር፣ ግን አንድ አንቀጽ ስትጨርሺ በአማርኛ አንዲት መስመር በልብሽ ብትይ ጥሩ ነው፣ «የድሮ ሀሳብ»፣ «አዲስ ማስረጃ መጣ»፣ «ጸሐፊው አላመነም»፣ እንደዚህ አጭር።

በቀን 30 ቃሉን አቁሚው። ጂማት ላይ የሚጥሉሽ ትልልቆቹ ቃላት አይደሉም፣ ትንንሾቹ ናቸው። ፊው (few) እና ኤ ፊው (a few) ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው፣ የመጀመሪያው የለም ለማለት የቀረበ ነው፣ ሁለተኛው ጥቂት አለ ነው። ኢፍ (if) እና ኦንሊ ኢፍም (only if) እንደዛው። «ጀልባው ወደ ዘጌ የሚነሳው ሐይቁ ፀጥ ካለ ብቻ ነው» ብልሽ፣ ሐይቁ ፀጥ ባለ ቁጥር ጀልባ ይነሳል አላልኩሽም፣ ነዳጅ ላይኖረው ይችላል። በቃ እንዲህ ያሉትን ሰም (some)፣ ሞስት (most)፣ ኦንሊ (only)፣ አንለስ (unless) የሚሉትን በምሳሌ እየጻፍሽ ተለማመጂ፣ ከሺህ ቃል ይበልጥሻል።

ሰዓት ላይ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። 8ኛውን ስትጨርሺ 29 ደቂቃ ገደማ፣ 16ኛውን ስትጨርሺ 14 ገደማ ሊቀርሽ ይገባል። ፈተናው እንደ አመላለስሽ የሚከብድና የሚቀል ስለሆነ ሳትመልሺ ወደ ቀጣዩ አያሳልፍሽም፣ መጨረሻ ላይ ጊዜ ከተረፈሽ ግን ምልክት ወዳደረግሽባቸው ተመልሰሽ እስከ 3 መልስ መቀየር ትችያለሽ። ሳይጨርሱ መቅረት ነው ክፉኛ የሚቀጣው፣ ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላይ ሶስት ደቂቃ ካለፈሽ ገምቺና ውጪ።

እና የስህተት ደብተር ግዢ። የእኔ ሉክ ደብተር ነበረች፣ አሁንም አለችኝ። በያንዳንዱ ስህተት ላይ ትክክለኛው መልስ ይሄ ነው ብለሽ ብቻ አትጻፊ፣ የተሳሳተውን ለምን እንደወደድሽው ጻፊ። «እምቦጭን መረጥኩ፣ ስለማውቀው።» «ሞስት የሚለውን ኦል (all) ብዬ አነበብኩ።» ሶስት ሳምንት ስትጽፊ የራስሽ አይነት ስህተት ሁለት ወይ ሶስት ብቻ እንደሆነ ታያለሽ። ቁጥሩ ወዲያው ካልተንቀሳቀሰ አትደንግጪ። ኦፊሻል ከሆኑት 6 የሙከራ ፈተናዎች ሁለቱ ነፃ ናቸው፣ አንዷን ለመጨረሻው ሳምንት ሳትነኪ አቆያት። ባለችሽ ጊዜ ከስራ በፊት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ብትሰሪ ይበቃሻል፣ ሙቀቱም ሳይነሳ፣ የባጃጁም ጩኸት ሳይጀምር።

ጥያቄ፦ ልጄ ጂማት ይከብዳል፣ ጂአርኢ የሚባለውን ሌላውን የማስተርስ መግቢያ ፈተና ልውሰድ ይለኛል። እውነት ይቀላል ወይስ እየሸሸ ነው?
(አንድ አባት፣ ከግሽ ዓባይ ቀበሌ)

መልስ፦ እርስዎ አይስጉ፣ መሸሽ አይደለም፣ ብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ፣ ብቻ የሚያመለክትባቸውን ትምህርት ቤቶች ገጽ አንድ በአንድ ይይ። ልዩነቱ ቨርባሉ ላይ ነው። የጂአርኢ ቨርባል በሁለት ክፍል 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ባዶ ቦታ በቃል መሙላት ስለሆነ እዛኛው ላይ ቃላት ማወቅ የግድ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያነብ ያደገ ከሆነ ጂአርኢው ይስማማው ይሆናል፣ ክርክር መፈልቀቅ የሚወድ ከሆነ ግን ጂማቱ ይሻለዋል። ሁለቱንም ነፃ የሙከራ ፈተና ይውሰድና በውጤቱ ይወስን፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚፈጅበት።

ጥያቄ፦ ፖሊ ግቢ ነኝ፣ ጂማትን ከዶርም ሆኜ ኦንላይን ብፈተንስ? የፈተና ማዕከል መሄድ ወጪ ነው።
(ተማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ ከዶርም አይሆንም። ከቤት ሲፈተኑ ክፍሉ ውስጥ ብቻህን መሆን አለብህ፣ በሩ ዝግ ሆኖ፣ ካሜራው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ የሚቆጣጠርህ ሰው እያየህ ነው፣ አንድ ልጅ ጫማውን ሊያነሳ ቢገባ ፈተናህ ሊቋረጥ ይችላል። እኔ አንዴ ቤቴ ሆኜ የሙከራ ፈተና ስወስድ ቨርባሉ መሀል ላይ መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፣ ዋይፋዩ ግን አብሮ ሄደ፣ የምንባቡ ግማሽ እንደተከፈተ ስክሪኑ ፀጥ ብሎ ቀረ። ያ ሙከራ ስለነበር አመሰገንኩ። ለእውነተኛው ወጪውን አጠራቅምና ማዕከል ሂድ፣ ከፈተናው አንድ ቀን ቀድመህ ማዕከሉ ያለበት ከተማ ገብተህ እደር፣ የሌሊት መንገድ ደክሞህ አትግባ። ስትመዘገብ ስምህ ፓስፖርትህ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፣ የአያት ስም አካባቢ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ካልተሳካልህ ከ16 ቀን በኋላ ደግመህ መፈተን ትችላለህ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ ነው የሚፈቀደው፣ ክፍያው ግን ሁሌም እንደ አዲስ ነው፣ ስለዚህ ሙከራህ ላይ የምትፈልገውን ቁጥር ሁለቴ ሳታይ ቀን አታስይዝ።