የሞዛርትን ሦስተኛ የቫዮሊን ኮንሰርቶ በየትኛው ቅጂ ልስማ? ላልከው

መምህርህ የሞዛርትን ሦስተኛ የቫዮሊን ኮንሰርቶ፣ የጂ ሜጀሩን፣ እንድታጠና ሰጥቶህ ሁለት ቅጂ አግኝተሃል። አንደኛው በትልቅ ኦርኬስትራ፣ ሌላው በአነስተኛ ኦርኬስትራ የተቀዳ ነው። ትንሹ «የሳሳና ደረቅ» ሆነብህ፤ አብረኸው ልትጫወት ስትሞክር ደግሞ ከቫዮሊንህ ጋር አልገጥም አለ። ታዲያ የቱን ልከተል ነው ጥያቄህ። እኔ ጀርመን አገር በአንድ የአማተሮች ቻምበር ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን እጫወታለሁ፤ ይህንንም ኮንሰርቶ ለተለያዩ ሶሎይስቶች፣ ማለትም በኦርኬስትራ ታጅበው ብቻቸውን ለሚጫወቱ ቫዮሊኒስቶች፣ አጅቤያለሁ። ከዚያ ወንበር ሆኜ ስመልስልህ፣ ትንሹን ተከተል።

ቀላሉን ላስቀድም። ቅጂው አልተበላሸም፣ ቫዮሊንህም ደህና ነው። የዛሬ ኦርኬስትራዎች የኤን ድምፅ (መቃኛውን ኖታ) 440 ሄርትዝ ላይ ወይም ትንሽ ከፍ አድርገው ይቃኛሉ። በሞዛርት ዘመን ዓይነት መሣሪያ የሚጫወቱ ቡድኖች ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 430 ያወርዱታል፤ ትንሹ ቅጂህም የእንዲህ ዓይነት ቡድን ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ ግማሽ ሰሚቶን (በሁለት ጎረቤት ኖታዎች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት) እንኳን አይሞላም፤ ጆሮን ለመጎርበጥ ግን ይበቃል። አብረህ መጫወት ካማረህ ክሮቹን በየጊዜው እያላላህ አታድክማቸው፤ ቅኝቱም አይጸናልህም። የቅጂውን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ የስልክ መተግበሪያ ሞልቷል፣ እሱን ተጠቀም።

«ደረቅ» ያልከው ደግሞ የክሩ ጠባይ ነው። እነዚህ ተጫዋቾች ከብረት ክር ይልቅ ከበግ አንጀት የተሠራ ክር ይመርጣሉ፤ የበገና አውታር ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ድምፁ እንደ ብረቱ አያበራም፤ በምትኩ ደጋኑ ክሩን ሲነክስ፣ የእያንዳንዱ ኖታ መነሻ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቪብራቶውም፣ ጣት ክሩ ላይ ሲወዛወዝ የሚመጣው የድምፅ መንቀጥቀጥ፣ ጌጥ እንጂ የማያቋርጥ ስላልሆነ፣ በቪብራቶ ላደገ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ይሳሳል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ስትሰማው ጆሮህ ይለምደዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ሞዛርት ይህን ሥራ የጨረሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በመስከረም 1775 በሳልዝቡርግ ነው፤ ዕድሜው 19 ነበር። አጃቢው የክር መሣሪያዎች፣ ከትንፋሽ መሣሪያዎች ሁለት ኦቦና ሁለት ሆርን፣ በቃ። በዚያ ዘመን ሶሎይስቱ ብዙውን ጊዜ ከኦርኬስትራው መካከል የሚነሣ ሰው ነበር፤ የራሱ ተራ እስኪደርስ ከመጀመሪያ ቫዮሊኖች ጋር አብሮ ይጫወታል። ስለዚህ ሙዚቃው የተጻፈው ለጭውውት ነው። አንዱ ሐሳብ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፤ ኦቦው ጣልቃ ይገባል።

ሁለተኛውን ክፍል፣ ዝግተኛውን አዳጆ፣ እንደ ምሳሌ ውሰድ። ኦቦዎቹ ወጥተው ፍሉቶች ይገባሉ። ቫዮሊኖችና ቪዮላዎች ድምፅ ማፈኛ ይገጥማሉ፤ ባሶቹ ክሩን በጣት ይቆነጥራሉ። እኛ ሁለተኛ ቫዮሊኖች ከሥር ሦስት ሦስት ኖታ እየደጋገምን እንሄዳለን። የሚያሰለች ሥራ ይመስላል፤ የሶሎው ዜማ ግን የሚራመደው በእነዚህ ኖታዎች ላይ ነው። አንድ ጊዜ ተጋባዥ ሶሎይስት መጥቶ፣ ድምፁ ያማረ ሰው፣ የእያንዳንዱን ሐረግ መጨረሻ እየጎተተ ይዘገይብን ጀመር። እኛ እንጠብቀዋለን፣ ባሶቹ ይቀድሙናል፣ ፍሉቶቹ ጭራሹን አይሰሙም። ከትልቅ ኦርኬስትራ ቅጂ ብቻ ያጠና ሰው ላይ የማየው ይህን ነው፤ ማይክሮፎኑ ሶሎይስቱ አፍንጫ ሥር ተተክሎ ሌላው ሁሉ ከሩቅ ሲቀዳ፣ አጃቢው መጋረጃ እንጂ ሰው አይመስልም።

የመጨረሻውን ክፍል ፍጻሜም አድምጥ። ሶሎይስቱም ክሮቹም ዝም ብለው፣ ኦቦዎቹና ሆርኖቹ ብቻቸውን በለሆሳስ ይዘጉታል። እኔ አዲስ ቅጂ ሳገኝ መጀመሪያ የምፈትነው እዚያ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሆርኖች ጥርት ብለው ካልተሰሙኝ አልገዛውም።

ስም ጥቀስ ካልከኝ፣ ጀርመናዊቷ ቫዮሊኒስት ኢዛቤል ፋውስት ከጣሊያኑ ኦርኬስትራ ከኢል ጃርዲኖ አርሞኒኮ ጋር በጆቫኒ አንቶኒኒ መሪነት የቀዳችውን አስቀድማለሁ። በ2016 የወጣ ነው፤ አምስቱንም ኮንሰርቶዎች ይዟል፣ በ2017ም የግራሞፎን መጽሔትን የዓመቱን ምርጥ ቅጂ ሽልማት አግኝቷል። የምትጫወተው ታዋቂው ስትራዲቫሪ በ1704 በሠራው ቫዮሊን ነው፤ ሆኖም መሣሪያዋን ለማሳየት አትሮጥም፣ ከኦርኬስትራው መሐል ብቅ ብላ ትመለሳለች። ቫዮሊኒስቱ ጁሊያኖ ካርሚኞላ ከመሪው ከክላውዲዮ አባዶና ከኦርኬስትራ ሞዛርት ጋር የቀዳው ደግሞ ፈጣንና ነዲድ ነው፤ ለእኔ አንዳንድ ቦታ ይጣደፍብኛል፣ ወጣቶች ግን ይወዱታል።

ይህን ስል ትልቅ ኦርኬስትራ ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። ቤልጅጋዊው ቫዮሊኒስት አርተር ግሩሚዮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን ሲምፎኒና ከመሪው ከኮሊን ዴቪስ ጋር የቀዳው እስከ ዛሬ አላረጀም፤ የደጋን አያያዝ ለመማር ከእሱ የተሻለ አላውቅም። አን ሶፊ ሙተር በ14 ዓመቷ በ1978 ከመሪው ከካራያንና ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀዳችው ያስደንቃል፣ ነገር ግን ለጥናት አትያዘው። ከባድ ነው፤ የአንድ ጊዜ ግብዣ አድርገው።

ስለ ካዴንዛ፣ ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ሶሎይስቱ ብቻውን ስለሚጫወትበት ቦታ፣ አልጠየቅህም፤ መጠየቅህ ግን አይቀርም። ሞዛርት ለቫዮሊን ኮንሰርቶዎቹ የጻፈው ካዴንዛ በእጃችን የለም፤ ስለዚህ በየቅጂው የምትሰማው ይለያያል። ፋውስት አንድሬያስ ሽታየር የጻፈላትን ትጫወታለች፤ ቫዮሊኒስቱ ጊዶን ክሬመር ከመሪው ከሃርኖንኩርትና ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ሲቀዳ የሮበርት ሌቪንን መርጧል። በተማሪዎች እጅ በብዛት የሚገኘው የሳም ፍራንኮ ነው፤ የመምህርህም ኖታ ምናልባት እሱን ይዞ ይሆናል። አጥናው፣ ጣትህን ይፈታልሃል። ለመድረክ ግን አጭር ይሁን። ረጅም ካዴንዛ ሲሆን እኛ መሣሪያችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ጣሪያ እንቆጥራለን፤ አድማጩም እንደዚያው።

ይህን ስትጨርስ ወደ ሃይድን የሲ ሜጀር የቫዮሊን ኮንሰርቶ እለፍ። ለኤስተርሃዚ ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ መሪ ቫዮሊኒስት ለሉዊጂ ቶማሲኒ የተጻፈ ነው። አዳጆው ሲከፈት ሶሎው በዝግታ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ከዚያ ኦርኬስትራው በሙሉ እየቆነጠረ ያጅበዋል። ቁንጠራው ሳይቸኩል ካንተ ጋር የሚሄድ ከሆነ ቅጂው ጥሩ ነው፣ ግዛው።