ገለጻ መከታተል ወደ ሥራ ያደርሳልን?

ውድ እህቴ፣

በ2016 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ መመረቅሽን፣ ከዚያ ወዲህ ባየሽው ማስታወቂያ ሁሉ ብታመለክቺም «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያላት» የሚለውን መስመር ማለፍ እንዳልቻልሽ ጽፈሽልኛል። ባለፉት ሁለት ወራት ደግሞ በጓደኛሽ ምክር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እየወረድሽ፣ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ገለጻዎች ላይ አምስት ጊዜ ተገኝተሻል። ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጠሽ አዳምጠሻል፤ ማንንም ሳታነጋግሪ ወጥተሻል። አብረሻቸው የምትኖሪው አክስትሽም «ሥራ ፈትተሽ ከአዳራሽ አዳራሽ ትዞሪያለሽ» ማለት እንደ ጀመሩ ነግረሽኛል። ጥያቄሽ ልተወው ወይስ ልቀጥል፣ ብቀጥልስ አቅራቢውን ቀርቤ ምን ልበል የሚል ነው።

መልሴን ላስቀድም፦ አትተዪው፤ ነገር ግን እስካሁን በሄድሽበት መንገድ አትቀጥዪበት።

የአምስቱን ገለጻዎች ርእስ ደጋግሜ አየሁት። አንዱ ስለ ቡና ንግድ፣ ሁለተኛው ስለ ዘመናዊ ሥዕል፣ ሦስተኛው ስለ ከተማ መኖሪያ ቤት፣ አራተኛው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ አምስተኛው ስለ አክሱም ዘመን ሳንቲሞች ነበር። ለጠቅላላ ዕውቀት አምስቱም መልካም ናቸው፤ ለሙያ ግን አንዱ ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ክር የለም። በአምስት ልዩ ልዩ አዳራሾች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ሰው በአንዱም አይታወቅም፤ በአንድ መስክ ስድስትና ሰባት ጊዜ የተገኘ ሰው ግን አወያዩም፣ በር ላይ ስም የሚመዘግቡትም፣ ዘወትር የሚመጡት ታዳሚዎችም ፊቱን ያውቁታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከአምስቱ አንዱን ምረጪ። እኔ ብሆን አምስተኛውን እመርጣለሁ፤ የተማርሽው እሱን ነውና።

ቀጣሪዎች «የሥራ ልምድ» ሲሉ የሚፈልጉት ያለፈውን ጊዜ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሰውየው የሙያውን ቋንቋ ይናገራል ወይ፣ የሙያውን ሰዎች ያውቃል ወይ፣ ሥራው የት ላይ እንደሚቸግር ያውቃል ወይ የሚለውን ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። ሕዝባዊ ገለጻ ሥራ አይሰጥም፤ ይህንን ሦስተኛውን ዕውቀት ግን ከየትኛውም የሥራ ማስታወቂያ አስቀድሞ ይሰጣል። ተመራማሪ በታተመ ጽሑፉ የሚያሳየን የጨረሰውን ነው። በአዳራሽ ቆሞ ሲናገር፣ በተለይም ጥያቄ ሲቀርብለት፣ ያልጨረሰውን ይናገራል፦ «መዝገቡ ገና አልተለየም»፣ «ፎቶግራፎቹ ዝርዝር አልወጣላቸውም»፣ «ይህን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም»። ጆሮሽ ነቅቶ መጠበቅ ያለበት እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ ረዳት የሚያስፈልገው እዚያ ነውና። አንድ የማስታወሻ ደብተር ያዢ፤ የንግግሩን ይዘት በግራ ገጽ፣ «ገና አልተሠራም» የተባለውን በቀኝ ገጽ ጻፊ። ከአራት አምስት ገለጻ በኋላ የቀኙ ገጽ የሥራ ገበያሽ ካርታ ይሆናል።

የሳንቲሞቹን ገለጻ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የራሷን ሳንቲም በወርቅ፣ በብርና በመዳብ መምታቷን፣ የወርቁ ሳንቲም ጽሑፍ በአብዛኛው በግሪክኛ ሲቆይ በብርና በመዳብ ሳንቲሞች ላይ ግእዝ ከጊዜ ወደ ጊዜ መግባቱን በትምህርት ቤት ተምረሻል። የወርቁ ሳንቲሞች በየመንና በሕንድም ተገኝተዋል። ይህን አስቀድሞ አንብቦ የሄደ ሰው «ሳንቲሞቹ ለምን አገልግሎት ነበሩ?» ብሎ አይጠይቅም። «በእኛ ሙዚየሞች ካሉት ሳንቲሞች ውስጥ የተገኙበት ቦታ በትክክል የታወቀው ምን ያህሉ ነው? ያልታወቀውንስ ሙዚየሞቹ ዕቃ ሲረከቡ ከጻፏቸው የድሮ የገቢ መዝገቦች መከታተል ይቻላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ለአቅራቢው አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ጠያቂዋ መዝገብ ላይ ተቀምጣ ለመሥራት የምትችልና የምትፈልግ ሰው መሆኗን። ይህን ሲቪ ሊናገርልሽ አይችልም።

አንድ ቀን የዝግጅት ንባብ ከሌለ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይወለድም። የገለጻው ማስታወቂያ የአቅራቢውን ስምና ርእስ ይዞ ስለሚወጣ፣ ቢያንስ አንድ ጽሑፉን ፈልገሽ አንብቢ። ለዚህ የምትኖሪበት አካባቢ እጅግ የታደለ ነው። ከአራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልት ተነሥቶ እስከ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ያለው መንገድ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በዚህ መንገድና በዙሪያው በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም፣ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የተቀመጠው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እንደ አንቺ ላለ የታሪክ ተመራቂ የዚህ ቦታ ጥቅም የተለየ ነው፤ ሙዚየሙ፣ የጥናት ቤተ መጻሕፍቱና ገለጻ የሚካሄድባቸው አዳራሾች በአንድ ግቢ ስለሆኑ ከሰዓት በኋላ የሰማሽውን ስም በማግስቱ ጠዋት በመጽሐፍ መልክ ልታገኚው ትችያለሽ። ከዚህ መስመር ወጣ ብሎ ጉለሌ፣ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀድሞ መኖሪያ ቤት የሚገኘው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ አለ፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው፣ መጻሕፍትንና መዛግብትን በአንድነት የያዘ በመሆኑ ለአንቺ ሙያ ከሁሉም የሚቀርበው ምናልባት እሱ ነው። የመታሰቢያ ቀኖች ሲቃረቡ፣ ለምሳሌ የካቲት 12 እና የካቲት 23፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችንና የተቋማቱን የቴሌግራም ገጾች ደጋግመሽ ተመልከቺ።

ስለ ጥያቄ ማቅረብ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉበት ስፍራ እዚህ ነውና። በአዳራሾቻችን ማይክሮፎን የያዘ ሰው «አንድ ጥያቄና ሁለት አስተያየት አለኝ» ብሎ አሥር ደቂቃ መናገሩ የተለመደ ነው፤ አወያዩም፣ ታዳሚውም፣ አቅራቢውም ይህን በትዕግሥት ቢያልፉትም ሰውየውን በመልካም አያስታውሱትም። አንቺ ስምሽንና የተማርሽውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ፣ ጥያቄሽን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰሽ ተቀመጪ። ጥያቄሽን አስቀድመሽ በደብተርሽ ጽፈሽ ብታነቢው ማንም አይታዘብሽም። ገለጻው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛ ለመጠየቅ ፈቃድ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በተሰበረ እንግሊዝኛ ከሚቀርብ ደካማ ጥያቄ ይልቅ በጠራ አማርኛ የሚቀርብ ብርቱ ጥያቄ ይሻላል። ከኋላ መቀመጥሽንም ተዪው፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው አጠገብ ብትቀመጪ እጅሽም ይታያል፣ በኋላም ለመቅረብ ይቀልሻል።

ገለጻው ካበቃ በኋላ አቅራቢውን የሚከብቡት ብዙውን ጊዜ የቆዩ ወዳጆቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ስለዚህ ትልልቆቹ እስኪጨርሱ ጠብቂ፣ ግን አትሂጂ። ተራሽ ሲደርስ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ፕሮፌሰር፣ እገሊት እባላለሁ፤ በታሪክ ተመርቄያለሁ። ስለ ገቢ መዝገቦቹ ያነሡት ነገር ትኩረቴን ስቦታል፤ በዚሁ ላይ ምን ባነብ ይመክሩኛል?» ከዚህ አትለፊ። በዚያች ቅጽበት ሲቪ ማውጣትና ሥራ መለመን ሰውየውን ያስጨንቀዋል፤ ሊሰጥሽ የማይችለውን ስለ ጠየቅሽው ሊሰጥሽ የሚችለውን ምክር ሳይሰጥሽ ይለይሻል። ኢሜይላቸውን ከሰጡሽ በዚያው ምሽት አምስት መስመር የማይበልጥ ምስጋና ጻፊላቸው። የመከሩሽን አንብበሽ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ስትጽፊ፣ ያገኘሽውንና ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂ፤ በዚህኛው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ መዝገብ በመለየት ወይም ዝርዝር በመገልበጥ ልትረጂ እንደምትችዪ መግለጽ ተገቢ ይሆናል። አቅራቢዎቹን ብቻም አትመልከቺ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች፣ የዶክመንቴሽን ባለሙያዎችና የቢሮ ጸሐፊዎች የትኛው ፕሮጀክት መቼ እንደሚጀመር ከብዙ ምሁራን አስቀድመው ያውቃሉ።

እዚህ ላይ እንደ ታላቅ እህት የማሳስብሽ ነገር አለ። ያለ ክፍያ እንድትሠሪ ብትጠየቂ በጊዜ የተወሰነ ይሁን፤ እኔ ከአንድ ወር በላይ እንዲሆን አልመክርም። ከመጀመርሽ በፊትም ምን ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትሠሪ የሚገልጽ ደብዳቤ ማግኘትሽን አረጋግጪ፤ «የሥራ ልምድ» የሚለውን መስመር ለመሙላት የሚረዳሽ እሱ ነው። የምትገናኙትም በሥራ ሰዓት፣ በቢሮ ወይም በቤተ መጻሕፍት ይሁን። ማታ በሆቴል እንነጋገር የሚልሽ ቢኖር፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ ይቅርብሽ።

በሆቴሎች የሚካሄዱት አበል ያላቸው አውደ ጥናቶች የተለየ ጉዳይ ናቸው፤ በመጥሪያ የሚገባባቸው ስለሆኑ አሁን ጊዜሽን አታባክኚባቸው። ለዩኒቨርሲቲዎቹ በር መታወቂያሽን አትርሺ፤ ፍተሻው ጊዜ ስለሚወስድ ሃያ ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ።

የአክስትሽን ነገር አቅልዬ አላየውም፤ የሚያበሉሽና የሚያሳድሩሽ እሳቸው ናቸውና ስጋታቸው ተገቢ ነው። ጠዋት ጠዋት ማመልከቻ መጻፍሽን እንደማታቋርጪ፣ ለገለጻ የምትሰጪው በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ መሆኑን፣ እስከ ስድስት ወርም እንደምትሞክሪው ንገሪያቸው። የደብተሩንም ቀኝ ገጽ አሳዪያቸው። ከዚያ በወመዘክርም ሆነ በአብርሆት በአማርኛ የሚካሄድ የታሪክ መጽሐፍ ውይይት ሲታወጅ ይዘሻቸው ሂጂ፤ አንቺ ጥያቄሽን ይዘሽ ስትነሺ እሳቸው አጠገብሽ ተቀምጠው ይስሙሽ።