ለአራት ዲስክ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሠርግ እቀርጻለሁ። ቤት ውስጥ ሰርቨር ልሠራ አራት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ ገዛሁ። እስካሁን ያለኝ ቪዲዮ 10 ቴራባይት ገደማ ነው። አንድ ዲስክ ቢሞት ቪዲዮው እንዳይጠፋ አራቱን በሬይድ እንደ አንድ ላጣምራቸው አስቤያለሁ፤ ሬይድ 5 ላድርገው ወይስ ሬይድ 10?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሬይድ 5 የምታገኘው 24 ቴራባይት ነው፤ በሬይድ 10 ደግሞ 16። ልዩነቱ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። እኔ ግን ሬይድ 10 አድርገው እልሃለሁ።

አንድ ዲስክ ቢሞት ሁለቱም ይችሉታል። ጣጣው ያለው አዲሱን ዲስክ ከተካህ በኋላ ነው። በሬይድ 5 የጠፋውን ለመሙላት የቀሩት ሦስቱም ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ 15 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያ መሀል ሌላ አንድ ከሄደ ሁሉም አለቀ። አራቱንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ገዝተህ ከሆነ ደግሞ አብረው ነው የሚያረጁት። በሬይድ 10 የሚደክመው የሞተው ዲስክ ጥንድ፣ ማለትም ያንኑ ዳታ የያዘው ዲስክ ብቻ ነው። እርግጥ ያ ጥንድ በዚያው ሰዓት ከሞተ እሱም አይተርፍም።

ሬይድ 6 የፈለጉት ሁለት ዲስኮች ቢሞቱ ይችላል፤ ቦታውም ያው 16 ነው። ግን ሲጽፍ ይዘገያል። ሬይድ 5ና 6 እየጻፉ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ደግሞ ዳታውና ፓሪቲው (የጠፋ ዳታ ተሰልቶ የሚመለስበት ተጨማሪ መረጃ) ሳይጣጣሙ ሊቀሩ ይችላሉ። የእኛን መብራት ታውቀዋለህ። የቱንም ብትመርጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ግዛ፤ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋም በዩኤስቢ አገናኘው።

ዲስኮቹን ከመግጠምህ በፊት የእያንዳንዱን ሴሪያል ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ ፊት ለፊት ለጥፍበት። አንዴ ደንበኛ ቤት የሞተውን ልቀይር ሄጄ ጤነኛውን ነቀልኩት። ዘንበል ሳደርገው ውስጡ ገና እየተሽከረከረ እጄን ሲታገለኝ ነው የነቃሁት። ሬይድ 5 ስለነበር ሰርቨሩ ወዲያው ቆመ። ዳታውን እስክመልስ መሸብኝ፤ ሰውየውም አጠገቤ ቆሞ ነበር። ያን ቀን አልረሳውም።

በመጨረሻ፣ ሬይድ ባክአፕ (ለብቻው የተቀመጠ ቅጂ) አይደለም። አንድ ፎልደር በስህተት ካጠፋህ ከሁሉም ዲስክ ላይ ይጠፋል። የሰው ሠርግ ደግሞ ድጋሚ አይቀረጽም። ስለዚህ ተጨማሪ ብር ካለህ ባለ 12 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ ግዛ። በየሳምንቱ ገልብጥበትና ዘመድ ቤት አስቀምጠው።